ምዕራፍ ሰባት፦ ኮምባይነር የሚገባበት ቤት

ባሌ ውስጥ እህል በዓመት ሁለት ጊዜ ይደርሳል። ጋና በሚባለው ወቅት የተዘራው ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ቦና በሚባለው የተዘራው ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይታጨዳል። ለኮምባይነር ባለቤት የጥገና ጊዜ ማለት በሁለቱ አጨዳዎች መካከል የሚተርፉት ጥቂት ወራት ናቸው። አጨዳው መሃል አንድ ኩሽኔታ ቢበላ ወይም አንድ ቺንጋ ቢበጠስ ማሽኑ የሚቆመው ማሳው ላይ ነው፤ እዚያ የሚሠራው ሥራ ለዕለቱ ማስነሻ ብቻ ነው። ሞተር ወርዶ፣ መውቂያው ከበሮ ተፈትቶ፣ የማጨጃው ጥርስ በሙሉ ተለውጦ የሚደረገው ጥገና ጣሪያና ደረቅ ወለል ይፈልጋል። ሳይጠገን የከረመ ማሽን ቀጣዩ አጨዳ ያመልጠዋል። በደረሰ ስንዴ ላይ ዝናብ ሲመላለስ ደግሞ ፍሬው ዛላው ላይ እንዳለ ይበቅላል፤ ከእንዲህ ያለ ስንዴ የሚወጣ ዱቄት ደህና ዳቦ አይሆንም።

አርሲና ባሌ ከእርሻ ማሽን ጋር የተዋወቁት ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ነው። በስዊድን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1967 በአርሲ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ካዱ የሚባለው፣ አሰላ ላይ የእርሻ መሣሪያ የሚመረምር ክፍል ነበረው። በደርግ ዘመን ደግሞ በሁለቱ ክፍለ ሀገራት ሰፋፊ የመንግሥት እርሻዎች በትራክተርና በኮምባይነር ይሠሩ ነበር። ዛሬ ማሽኑ በግለሰቦች፣ በማኅበራትና በዩኒየኖች እጅ ነው። ባለቤቶቹ የደረሰ ማሳ እየተከተሉ ከወረዳ ወረዳ ያከራዩታል። የጥገናው ቤት ግን ከማሽኑ እኩል አልበዛም፤ ብዙ ሚሊዮን ብር የወጣበት ኮምባይነር ላስቲክ ለብሶ ሜዳ ላይ ዝናብ ሲመታው ማየት የተለመደ ነው። ይህ ያሳዝነኛል፣ መፍትሔውም ከአቅም በላይ ስላልሆነ የበለጠ ያሳዝነኛል።

እዚህ የምናቅደው ቤት የብረት ነው። ብረት የተመረጠበት ምክንያት ቀላል ነው፤ መሃሉ ላይ ምሰሶ ሳይኖር 15 ሜትር የሚዘረጋ ጣሪያ በእንጨት ለማቆም አስቸጋሪ ነው፣ በአርማታ ደግሞ ውድ ነው። በእቅዱ ሁሉ የሚመራኝ ሐሳብ አንድ ነው፦ ገንዘቡ አስቀድሞ መሄድ ያለበት በኋላ ሊታረም ወደማይችለው ክፍል ነው። ግድግዳውን ቆርቆሮ ማልበስ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆያል። ቢሮና መስኮትም እንዲሁ። የመሠረቱ ጥልቀት፣ የወለሉ ውፍረት፣ የምሰሶው ቁመትና የበሩ ስፋት ግን አንዴ ከተሠሩ ቤቱ እስኪፈርስ ድረስ የሚኖሩ ናቸው። ብዙ ባለቤት የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ከመንገድ ለሚታየው ፊት ያወጣና ወለሉን በ10 ሳንቲ ሜትር አርማታ ይዘጋዋል።

ለምሳሌ እንዲሆነን ሮቤ አቅራቢያ ሦስት ኮምባይነርና አምስት ትራክተር ያለው አንድ ማኅበር እናስብ። የመጀመሪያው ሥራ በሜትር መለካት ነው። ማጨጃው የተፈታለት መካከለኛ ኮምባይነር ስፋቱ 3 ሜትር ተኩል ገደማ፣ ቁመቱ ወደ 4 ሜትር፣ ርዝመቱ 9 ሜትር ግድም ይሆናል። ማጨጃው ብቻውን ከ4 እስከ 6 ሜትር ይደርሳል። ትራክተሩ ከዚህ ሁሉ ስለሚያንስ አያሳስብም፤ ለኮምባይነር የሆነ ቤት ለትራክተር ይበቃዋል።

ቁመት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ማሽኑ 4 ሜትር ስለሆነ 4 ሜትር ተኩል ጣሪያ ይበቃል ብሎ ያስባል። መካኒኩ ግን የኮምባይነሩ ጀርባ ላይ ወጥቶ ነው ሞተሩን የሚፈታው። የእህል ታንኩ ክዳንም ሲከፈት ወደ ላይ ይነሳል። 4 ሜትር ከፍታ ላይ የቆመ ሰው ራሱ ጣሪያውን ሳይነካ እንዲሠራ ከወለል እስከ ጣሪያው ዝቅተኛ ጫፍ 6 ሜትር ያስፈልጋል። በሩን 5 ሜትር ከፍታ ብናደርገው ከላይ የሚቀረው 1 ሜትር ለበሩ ሐዲድና ለወራጁ ይውላል።

ስፋቱን 15 ሜትር፣ ርዝመቱን 24 ሜትር ልያዘው። 9 ሜትሩ ኮምባይነር በስፋቱ አቅጣጫ ሲገባ ከፊትም ከኋላም 3 ሜትር ይተርፈዋል፤ ከፊት ማጨጃው ተፈትቶ ይቀመጣል፣ ከኋላ የሥራ ጠረጴዛና ሞርሳ ይቆማል። 24 ሜትሩን በየ6 ሜትሩ ብንከፍለው አራት ክፍል ይወጣናል። የ6 ሜትሩ ልክ ከገበያውም ጋር ይስማማል፤ አር ኤች ኤስ የሚባለው አራት ማዕዘን ቱቦ ብረት በተለምዶ በ6 ሜትር ርዝመት ስለሚሸጥ ቁርጥራጭ አይባክንም። ሦስቱ ክፍሎች እያንዳንዳቸው ስፋቱ 5 ሜትር ከ20 የሆነ በር ይዘው ወደ ግቢው ይከፈታሉ። አራተኛው ክፍል ዝግ ሆኖ ለመለዋወጫ፣ ለቶርኖና ለትራፓኖ ይቀራል። በሮቹ በሐዲድ ላይ የሚንሸራተቱ ቢሆኑ እመርጣለሁ። በማጠፊያ የሚከፈት ሁለት ሜትር ተኩል የሆነ የብረት በር ነፋስ ሲመታው ሰው ይጎዳል። ሦስቱ በሮች ጎን ለጎን ስለሆኑ አንዱ በሌላው ፊት የሚያልፍበት ሁለት ሐዲድ ማስፈለጉ ከወዲሁ መታወቅ አለበት፤ በኋላ ሲታሰብበት ቦታ የለውም። ከበሮቹ ፊት ለፊትም ኮምባይነር የሚዞርበት 20 ሜትር ያህል ባዶ ሜዳ ይተዉ።

አሁን ወደ አጥንቱ እንምጣ። አምስት የብረት ማዕቀፎች በየ6 ሜትሩ ይቆማሉ፤ እያንዳንዱ ሁለት ምሰሶና ከአናት ላይ የሚገናኙ ሁለት ዘንበል ያሉ ወራጆች አሉት። ምሰሶና ወራጅ የሚገናኙበት ማዕዘን ከሁሉ ይልቅ ይጨነቃል፣ ስለዚህ እዚያ ላይ ወራጁ ወፈር ተደርጎ ይሠራል። እነዚህ ማዕቀፎች ቤቱ ወደ ስፋቱ እንዳያዘነብል ይይዙታል። ወደ ርዝመቱ እንዳያዘነብል ግን የሚይዘው ነገር የላቸውም። ለዚያ ብሬሲንግ የሚባለው የመስቀል ማሰሪያ በሁለቱም ረጃጅም ጎኖችና በጣሪያው ላይ መግባት አለበት። ሦስቱ ክፍሎች በር ስለሆኑ መስቀሉ የሚያርፍበት ቦታ አራተኛው ዝግ ክፍል ነው። በዚህ ምክንያት ነው «አራተኛውንም በር አድርግልኝ» የሚል ባለቤት መሐንዲሱ እንቢ ሲለው መስማት ያለበት። ማሰሪያውን ለመንገድ ብሎ ቆርጦ የጣለ ሰው ቤቱ ለጊዜው ቆሞ ቢያየው አይመካ፤ ኃይለኛ ነፋስ ገና አልመጣበትም ማለት ነው።

ነፋሱ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም የብረት ቤት የሚጎዳው በአብዛኛው በዚህ በኩል ነው። ሰው ጣሪያ ሲያሠራ የሚፈራው እንዳይወድቅበት ነው። ቀላል የብረት ጣሪያ ግን በዐውሎ ነፋስ ጊዜ ወደ ላይ መነሳትን ነው የሚፈልገው። ቁጥሩን አብረን እናስላ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ሮቤ ባለችበት 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ አየሩ ሳሳ ያለ መሆኑን ጨምረን ስናሰላው፣ በአንድ ካሬ ሜትር 37 ኪሎ ያህል ግፊት አለው። ነፋሱ ጣሪያው ላይ ሲያልፍ ወደ ላይ ይስበዋል። በነፋሱ በኩል ያለው ትልቅ በር ክፍት ከሆነ ደግሞ የገባው አየር ከውስጥ ይገፋዋል፤ በነፋስ ፊት እንደተዘረጋ ጃንጥላ ማለት ነው። ስበቱና ግፊቱ ተደምረው የመጀመሪያውን ግፊት አንድ ጊዜ ተኩል ሊያህሉ ይችላሉ፣ በካሬ ሜትር 55 ኪሎ። የእኛ ጣሪያ 360 ካሬ ሜትር ስለሆነ ወደ ላይ የሚጎትተው ኃይል 20 ቶን ይጠጋል። ቆርቆሮው፣ ማገሩና ወራጁ በአንድነት በካሬ ሜትር 18 ኪሎ ቢመዝኑ ጠቅላላ ክብደታቸው 6 ቶን ተኩል ብቻ ነው። የቀረውን ከ13 ቶን በላይ የሚይዘው መሬት ውስጥ ያለው አርማታ ነው።

ለመሃል ምሰሶዎች ሲካፈል እያንዳንዳቸው 1.7 ቶን ያህል ወደ ላይ ይሳባሉ። አርማታ በሜትር ኩብ 2.4 ቶን ስለሚመዝን ጎኑ 1.2 በ1.2፣ ውፍረቱ ግማሽ ሜትር የሆነ መሠረት ክብደቱ ከዚህ ኃይል ጋር ገና እኩል ነው። የደኅንነት ተጨማሪውና ማዕቀፉ መሠረቱን ለመገልበጥ የሚያደርገው ጫና ከዚህ ሂሳብ ውጭ ናቸው፤ ስለዚህ ልኩን የሚወስነው መሐንዲስ ነው። ሂሳቡን ያሳየሁት የመሠረት አርማታ ለምን ያን ያህል በዛ ብሎ ከግንበኛው ጋር ለሚከራከር ባለቤት ነው። መሠረቱ ክብደት ከመሸከም ሌላ ቤቱን መሬት ላይ ይይዛል። በሮቹንም በተቻለ መጠን ኃይለኛው ነፋስ ከሚመጣበት አቅጣጫ ማዞር ይገባል፤ አቅጣጫውን የአካባቢው ሽማግሌዎች ያውቁታል፣ የሜትሮሎጂ ጣቢያም አለ።

መሠረቱና ምሰሶው የሚያያዙት አርማታው ውስጥ በሚቀበሩ ቡሎኖች ነው። ሥራ ላይ በብዛት የማየው ጥፋት እዚህ ነው። ቡሎኖቹ በዓይን ግምት ይተከላሉ፣ ምሰሶው ሲመጣ ቀዳዳው አይገጥምም፣ ከዚያ ቀዳዳው በእሳት ይሰፋል ወይም ቡሎኑ በመዶሻ ይታጠፋል። እዚያች ነጥብ ላይ የ20 ቶኑ ሂሳብ ይፈርሳል። መድኃኒቱ አንድ ላሜራ ከምሰሶው እግር ጋር በአንድ ልክ በስቶ፣ አርማታው እስኪደርቅ ቡሎኖቹን በእሱ ማሰር ነው። ወጪው ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ብየዳው በተቻለ መጠን ወርክሾፕ ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ ይለቅ፤ ቦታው ላይ የሚቀረው በቡሎን መግጠም ብቻ ይሁን። መሰላል ላይ ተንጠልጥሎ፣ ነፋስ እየመታው፣ ከሥር ወደ ላይ የሚበይድ ሰው ጎበዝ ቢሆን እንኳ ሥራው የጠረጴዛውን ያህል አይጠራም። ወራጆቹ አናት ላይ ስለሚከፈሉ እያንዳንዱ ቁራጭ 8 ሜትር አይሞላም፣ በተራ የጭነት መኪና ይሄዳል። ቱቦ ብረት የሚጠቀሙ ከሆነ ጫፉ በሙሉ በላሜራ ይደፈን፤ ውስጡ የገባ ውሃ ከውጭ ቀለሙ ሳይነካ ብረቱን ይበላዋል።

ብረቱን ሲገዙ ሚዛን ይዘው ይሂዱ። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት በካሬ ሜትር 7.85 ኪሎ ይመዝናል፤ ይህ የትም አይለወጥም። 80 በ80፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ የሆነ የ6 ሜትር ቱቦ 43 ኪሎ ግድም መሆን አለበት። ሚዛኑ 36 ካሳየ የተሸጠልዎ 2 ሚሊ ተኩል ነው። ከብረቱ አንድ ስድስተኛ ያህሉ ዋጋው ተከፍሎበት ሱቁ ውስጥ ቀርቷል፤ መሐንዲሱ ያሰላው ቤትም ያ አይደለም።

ማንሻ መሣሪያ ላይ አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። የኮምባይነር ሞተር ብዙ መቶ ኪሎ ስለሆነ በእጅ አይወርድም። ጣሪያ ሥር በሐዲድ የሚሄድ ክሬን ከተፈለገ ምሰሶዎቹ ከመጀመሪያው ለእሱ መታሰብ አለባቸው፤ በተጠናቀቀ ቤት ላይ መጨመር ምሰሶ እንደመለወጥ ይቆጠራል። ለሦስት ኮምባይነር ያን ያህል ወጪ አልመክርም። በጎማ የሚገፋ፣ ከወፍራም ብረት የተሠራ መቆሚያ ላይ 3 ቶን የሚያነሳ ቼን ብሎክ ማንጠልጠል ይበቃል፤ ቁመቱ ግን ከማሽኑ በላይ ሆኖ እንዲያነሳ ተደርጎ ይሠራ። ቼን ብሎክን ከጣሪያው ማገር ላይ ማንጠልጠል በምንም ምክንያት አይፈቀድ። ማገር የተሰላው ቆርቆሮ እንዲሸከም ነው፣ ሥሩ የሚቆመው ደግሞ ሰው ነው።

መኪና ጋራዥ ውስጥ የተለመደውን የመመርመሪያ ጉድጓድ እኔ እተወዋለሁ። ኮምባይነርና ትራክተር ከመሬት ከፍ ያሉ ስለሆኑ ብዙ አይፈልጉትም። ከአየር የሚከብድ የነዳጅ ትነት እዚያ ውስጥ ይከማቻል፣ በዝናብ ጊዜም ውሃ ይሞላዋል።

እሳት ግን በዝምታ አይታለፍም። ኮምባይነር በሆዱ እብቅና ገለባ ይዞ ነው የሚገባው፤ በቺንጋው ሥር፣ በሞተሩ ዙሪያ፣ ግሪስ ጠጥቶ የደረቀ። የብየዳ ፍንጣሪ እዚያ ገብቶ ሳይታይ ሲጨስ ይቆይና ሰው ለምሳ ሲወጣ ይነሳል። ብረት አይቃጠልም ተብሎ መተማመን ስህተት ነው፤ ሙቀቱ 550 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ብረት የጉልበቱን ግማሽ ያህል ያጣል፣ ጣሪያውም ይጎብጣል። ስለዚህ ከበሩ ፊት ሜዳው ላይ ማሽኑ በኮምፕሬሰር የሚራገፍበት ቦታ ይዘጋጅ፤ ሳይራገፍ የገባ ማሽን አይበየድ። ናፍጣና ቀለም ከቤቱ ራቅ ብሎ ለብቻው ይቀመጥ፣ ባትሪ የሚሞላውም አየር በሚገባበት ቦታ ይሁን፤ ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጅን ይፈነዳል።

ብርሃኑን ከጣሪያው አንድ አሥረኛ ያህሉን ብርሃን በሚያስገባ ፋይበር በመሸፈን ማግኘት ይቻላል። ከአናቱ ላይ ርዝመቱን ሙሉ የአየር መውጫ ይተውለት፤ የብየዳው ጭስ ይወጣበታል፣ በደጋ ሌሊት ከቆርቆሮው ሥር የሚያዝ ላብም ይቀንሳል። ለብየዳና ለቶርኖ ባለ 380 ቮልት ሦስት ፌዝ መስመር ማስፈለጉን ምሰሶ ከመትከል በፊት ለመብራት አገልግሎቱ ያመልክቱ። የብረቱ አካል በሙሉ ከመሬት ጋር በአርዝ ይታሰር፤ ደጋው መብረቅ የሚበዛበት ነው።

የቀረን መሬቱ ነው። ወደ መጨረሻ ያመጣሁት ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ስለሆነ ነው። በአርሲና በባሌ ስንዴው የሚያምርበት ሜዳ ብዙው ጥቁር አፈር ነው፤ ኮትቻ ይሉታል፣ ሸዋ ላይ መረሬ ወይም ዋልካ። ይህ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። የላይኛው አፈር በየዓመቱ ሲነሳና ሲወርድ ይኖራል፤ እንቅስቃሴው ብዙ ጊዜ እስከ 2 ሜትርና ከዚያም በላይ ይወርዳል። ቀላል ቤት እዚህ ላይ ከከባዱ ይልቅ ይጎዳል፤ ከባዱ እብጠቱን በክብደቱ ይጫነዋል፣ የእኛ ቤት ግን ቀላል ነው። የምሰሶው መሠረት ከዚህ ከሚንቀሳቀሰው አፈር በታች ካለው ጠንካራ መሬት ላይ መድረስ አለበት። ወለሉ ሥር ያለው ጥቁር አፈር ቢያንስ 1 ሜትር ያህል ተነሥቶ በገረጋንቲ ይተካል፤ ገረጋንቲው በ20 ሳንቲ ሜትር ንብብር እየተረጨና በሮለር እየተጠቀጠቀ። አንድ ጊዜ ደፍቶ ከላይ መጠቅጠቅ የታችኛውን አይነካውም። የጣሪያው ውሃ በአሸንዳ ተሰብስቦ ከቤቱ ይራቅ፤ የመሠረቱ አፈር አንድ ጎን ብቻ ከረጠበ አንዱ ምሰሶ ይነሳል፣ በሮቹ መንሸራተት ያቆማሉ።

ከዚያ በላይ የሚፈሰው አርማታ 20 ሳንቲ ሜትር፣ በፌሮ መረብ የተያዘ ይሁን። ከ10 ቶን በላይ የሚመዝነው ማሽን በአራት ጎማ ሲቆም ወለሉ ብዙም አይጨነቅም። ጎማው ወጥቶ ክሪክ ላይ ሲቀመጥ ግን መጽሐፍ በምታክል ቦታ ላይ 3 ቶን ያርፋል፤ ወለሉ መታቀድ ያለበት ለዚያች ሰዓት ነው። አርማታው በፈሰሰ ማግስት በየ5 ሜትሩ ይቀደድ፣ መሰንጠቁ ስለማይቀር በተመረጠለት መስመር ይሰንጠቅ። ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ይጠጣ፤ ኮምባይነር ከ28 ቀን በፊት አይግባበት። ወደ በሩ በሜትር 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይዘቅዝቅና ከዘይት ጋር የተቀላቀለው ውሃ ወደ ማሳ ከመሄዱ በፊት ዘይቱ የሚንሳፈፍበት ጉድጓድ ያግኝ።

ይህን ሁሉ የሚወስነው የአፈር ምርመራ ነው። ከአጠቃላይ ወጪው ጋር ሲነጻጸር ክፍያው ትንሽ ነው። ምርመራው ሳይደረግ፣ ሥዕሉን ብቻ አይቶ ለጠቅላላ ሥራው ዋጋ የሚሰጥዎ ተቋራጭ ቢመጣ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ውል አይፈርሙ።